ጰራቅሊጦስ የማያስብል ጥርስ

ሰው ሠራሽ ጥርስን የፈለሰፈው ሰው የትም አገር ይወለድ የት፣ አማርኛ እንደማይችል ግን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ የሚባሉ ፊደላት መኖራቸውን፣ እነሱን ለማውጣትም አየር አፍ ውስጥ ታፍኖ ድንገት መፈንዳት እንዳለበት ያስብበት ነበር። እንግሊዝኛ ምን አለበት! ቀኑን ሙሉ «ጉድ ሞርኒንግ»፣ «ሃው አር ዩ» ሲል የሚውል ሽማግሌ ጥርሱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በአማርኛ ግን «ጨጓራዬን አሞኛል» ለማለት እንኳ ጥርስን በአውራ ጣት ደግፎ መያዝ ግድ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። «ጰ በል እንጂ ፐ አትበል» እያልኩ የስንቱን ልጅ ጆሮ የቆነጠጥኩ ሰውዬ፣ በስተርጅና ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ «እንኳን ለበዓለ ጰራቅሊጦስ አደረሳችሁ» ስል የታችኛው ጥርሴ ብድግ ብሎ ምላሴ ላይ ተቀመጠ። ምእመናኑ ጨዋ ናቸው፤ አንገታቸውን ደፉ። አንድ የልጅ ልጅ ብቻ፣ የሌላ ሰው ቢሆን ይሻል ነበር፣ የእኔው ነው፣ «አባባ፣ ጥርስህ ሊያመልጥ ነው!» ብሎ አወጀ። አሜሪካ የተወለደ ልጅ አያቱንም «አንተ» ነው የሚለው፤ እሱን ሌላ ቀን አማርራለሁ።

ልጄ «አባዬ፣ ቀስ ብለህ ተናገር» ትለኛለች። ቀስ ብሎ ጰራቅሊጦስ የሚል ሰው ካለ ታምጣልኝና ልየው።

እውነቱን ለመናገር ላይኛው ጥርስ ላይ ቅሬታ አልነበረኝም። ላይኛው ጨዋ ነው። ላንቃን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ይቀመጣል፤ በእሱና በላንቃ መካከል ስስ ምራቅ ይገባና ጠርዙ አየር ሳያስገባ አጣብቆ ይይዘዋል። ታችኛው ግን ምን ይያዝ? መሐሉን ምላስ ቀድሞ ይዞታል። የቀረችለት በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተጠማዘዘች ጠባብ የድድ ጠርዝ ብቻ ናት። በዚያች ላይ ተቀምጦ ከውስጥ ምላስ ይገፋዋል፤ ከውጭ ጉንጭና ከንፈር ይገፉታል፤ አፍ በተከፈተ ቁጥር የአፍ ወለል ከፍ ብሎ ከሥር ይነሣበታል። እኔ ሳይንስ አላስተማርኩም፤ ግን ላይኛው በስበት ሕግ መውደቅ ሲገባው የማይወድቅ፣ ታችኛው በስበት ሕግ መቀመጥ ሲገባው የማይቀመጥ ለምንድን ነው ብዬ የጠየቅኩት የፊዚክስ መምህር ወዳጄ ሳቀ እንጂ አልመለሰልኝም። እሱ ጥርሱ የራሱ ነው።

ጉዱ ያለው አጥንቱ ላይ ነው። ጥርስ ሲነቀል መንጋጋ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ አጥንት ደግሞ ይመነምናል። አንቲየ ታልግረን የምትባል ተመራማሪ ጥርሳቸው አልቆ ሰው ሠራሽ ያስገቡ ሰዎችን ለ25 ዓመት የተከታተለ ጥናት በ1972 አውጥታ ነበር (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ ጥርሱም የእነሱ ነውና)። የታችኛው መንጋጋ የላይኛውን አራት እጥፍ ያህል እንደሚጎድል ያሳየችው ያን ጊዜ ነው። አራት እጥፍ! ጥርሱ ያው የድሮው ነው፤ የተቀመጠበት መሬት ግን ከሥሩ እየሸሸ ነው። ባለቤቴ ይህ አይገባትም። «ሲሠራልህ ልክክ ብሎ አልነበረም እንዴ? አንተ ነህ በየጊዜው እያወጣህ ያበላሸኸው» ትላለች። አጥንቴ እየሟሸሸ ነው ስላት «ታዲያ ወተት ጠጣ» ትላለች። የአጥንት ሊቅ ናት።

ታች ጥርሱ የሚላወስ ሰው ፈረንጅ አገር ከፈረንጅ ጋር ቢኖር ምንም አይደል፤ ፈረንጅ በሩቁ እጁን አወዛውዞ ያልፋል። ሐበሻ መካከል መኖር ነው ፈተናው። ሰርግ ላይ ተሰልፎ የሚስመኝ ዘመድ ሁሉ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ ሲያዞረኝ ጥርሴ ከእኔ ዘግየት ብሎ ይከተላል። ሦስተኛው ጉንጭ ላይ ስደርስ እሱ ገና ሁለተኛው ላይ ነው። ከዚያ ደግሞ ጉርሻው ይመጣል። የልጄ አማት እጃቸው ለጋስ ነው፤ የሚያጎርሱት ጉርሻ በአንድ አፍ የሚያልቅ አይደለም። እንቢ ማለት ነውር ነው። ጎረስኩ። በቀኝ ሳኝክ ጥርሱ በግራ ተነሣ፤ ወደ ግራ ስመልሰው በቀኝ ተነሣ። በኋላ ሐኪም ስጠይቅ የታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ጠባዩ እንደዚያ መሆኑን፣ ምግቡን ለሁለት ከፍሎ በግራም በቀኝም እኩል ማኘክ እንደሚገባ ተነገረኝ። እሺ፤ አንድ ሴትዮ ዶሮ ወጥ በእንጀራ ጠቅልለው አፌ ውስጥ ሲከቱ «እባክዎ እትዬ፣ ለሁለት ከፍለው ግማሹን በግራ በኩል ያድርጉልኝ» ይባላል?

ስለ ቆሎ አላወራም። ጥርስ ሲኖር ቆሎ የለም፣ ቆሎ ሲኖር ጥርስ የለም ነው ነገሩ፤ አገር ቤት ሳለሁ ደመወዜ ስለ ሥጋ እንዳላስብ ያግደኝ ነበር፤ እዚህ ሥጋው ሞልቶ መንጋጋዬ ከለከለኝ። ቁርጥ ሲቀርብ እኔ ፊት ሽሮ ይቀመጣል፤ አስተናጋጇም ሳልናገር ታውቀኛለች። የቃሪያ ፍሬ የሚባለውን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። አንዲት የቃሪያ ፍሬ በታች ጥርስና በድድ መካከል ከገባች ጳጳስም ቢሆን ከጉባኤ ያስነሣል።

ማጣበቂያ አለ ይሉኛል። አለ። ጥርስ ላይ ተቀብቶ የሚገባ ክሬም ነው፤ ጣዕሙ ሚንት ነው። በርበሬና ሚንት ተቀላቅሎ ምን እንደሚሆን የማታውቁ እግዚአብሔር እንዳታውቁ ያቆያችሁ። ላይኛውን ጥሩ አድርጎ ይይዛል፤ ያልታመመውን ማከም ይችላል ማለት ነው። ታችኛው ላይ ግን ምራቅ ተጠራቅሞ ያጥበውና እኩለ ቀን ላይ አልቋል። ስለዚህ ሰው ይጨምራል፤ እንደገና ይጨምራል። በዚህ መሀል አንዳንዶቹ ማጣበቂያዎች ዚንክ ነበረባቸው፤ ለዓመታት እያበዙ የተጠቀሙ ሰዎች ዚንኩ ሰውነታቸው ውስጥ መዳብ አሟጥጦባቸው እጅ እግራቸው እስከ መደንዘዝ፣ ሲራመዱም እስከ መንገዳገድ ደረሱ። አንዳንድ አምራቾች ከዚያ በኋላ ዚንኩን አውጥተውታል። ልጄ ይህን አንብባልኝ ቱቦውን ገልብጬ ፊደሉን በማጉያ መነጽር አየሁ፤ ዚንክ የለበትም። ጉልበቴ ሲንገዳገድ የኖረው በራሱ ነው ማለት ነው።

እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከእኛ ወረድ ብሎ ፖቶማክ ወንዝ ዳር የጆርጅ ዋሽንግተን ርስት የነበረው ማውንት ቨርነን አለ። ልጄ «ተጽናና» ብላ ይዛኝ ሄደች፤ የሰውየው ጥርስ እዚያ መስተዋት ውስጥ ተቀምጧል። ከእንጨት ነበር የሚባለው ተረት ነው። እርሳስ ነው፣ የሰው ጥርስ ነው፣ የእንስሳ ጥርስ ነው፤ ላይኛውና ታችኛው ከኋላ በስፕሪንግ ተያይዘዋል። ስፕሪንጉ ላይኛውን ወደ ላይ፣ ታችኛውን ወደ ታች ይገፋል፤ ሰውየው አፉን ለመግጠም መንከስ ነበረበት። ሥዕሎቹ ላይ ከንፈሩ ለምን እንደዚያ ጭምት እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። በ1793 ለሁለተኛ ጊዜ ሲሾም የተናገረው ንግግር 135 ቃላት ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ከዚያ ያጠረ የሹመት ንግግር አልተሰማም። ታሪክ ጸሐፊዎች የፈለጉትን ምክንያት ይስጡ፤ እኔ ምክንያቱን አፌ ውስጥ አውቀዋለሁ።

የዋሽንግተን የሒሳብ መዝገብ ግን አላሳቀኝም። በ1784 ለ9 ጥርስ ለጥቁሮች ገንዘብ ተከፈለ የሚል መስመር አለው፤ ለፈረንሳዊ ጥርስ ሐኪም ሒሳብ የተጻፈ ነው። ባሮቹ ናቸው። ጥርሶቹ የማን አፍ እንደገቡ መዝገቡ አይልም፤ ከማን አፍ እንደወጡ ግን ይታወቃል። ከዚያ ክፍል ስወጣ ስለ ጥርሴ ለማማረር ለጥቂት ጊዜ አፈርኩ። ብዙ አልቆየም።

ከዚያ ጉብኝት የያዝኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ዋሽንግተን በ1789 ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲምል አፉ ውስጥ የቀረው አንድ የራሱ ጥርስ ብቻ ነበር፣ በታች በኩል። ጆን ግሪንውድ የሚባለው ሐኪሙ ከጉማሬ ጥርስ ታችኛውን ሲቀርጽለት ያችን አንዲት ጥርስ የምታሾልክ ቀዳዳ አበጀላት። እሷ በቀዳዳው ወጥታ የቀረውን ሁሉ አስራ ያዘችው። በ1796 እሷም ወለቀች፤ ግሪንውድ አልጣላትም፣ አስቀመጣት። እንግዲህ ድንኳን ያለ ካስማ እንደማይቆም ፈረንጅ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ያውቅ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገረኝም?

ቁጭቴ እዚህ ላይ ነው። የእኔ ጥርሶች ግማሾቹ አገር ቤት በጉጠት ነው የወጡት፤ በዚያ ዘመን ጥርስ ታመመ ማለት ተነቀለ ማለት ነበር። የቀሩትን ግን እዚህ አሜሪካ፣ ንጹሕ ክፍል ውስጥ፣ ሙዚቃ እየተሰማ ነው አንድ ሐኪም በአንድ ወንበር የጨረሰልኝ። ከእነዚያ ውስጥ ሁለት ክራንቻዎች ነበሩ። ሥራቸው ጤነኛ የሆነ ሁለት ክራንቻ ካለ ከላይ ቆርጦ፣ ሥሩን አክሞ፣ ድድ ልክ አሳጥሮ መተው ይቻላል፤ ሰው ሠራሹ ጥርስ በላያቸው ይቀመጣል። ሥር ያለበት አጥንት እንደ ባዶው አይመነምንም፤ ይህ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተጠንቶ የተጻፈ ነገር ነው። እኔን የጠየቀኝ የለም። «ሁሉንም እናውጣና ይገላግልዎት» ነው የተባልኩት። ገላገለኝ።

አሁን ያለችው ሐኪሜ ወጣት ሐበሻ ናት፤ «ጋሼ» ትለኛለች፣ «እርስዎ» ትለኛለች፤ ገና ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ ግማሽ ሕመሜ ለቀቀኝ። ታች መንጋጋዬን በጣቷ ዳሰሰችና «ጋሼ፣ ይኼ ጥርስ በምን ተይዞ ነው እስካሁን የኖረው?» አለች። «በጸሎት» አልኳት። ሳቀችና ሁለት የታይታንየም ብሎን ከፊት በኩል አጥንቱ ውስጥ ተተክሎ ጥርሱ በእነሱ ላይ እንደሚቆለፍ አስረዳችኝ። ኢምፕላንት ይባላል፤ እዚህ አገር ሐበሻ ሁሉ እንደዚያው ነው የሚጠራው።

የፈለሰፈውን ሰው ታሪክ የነገረችኝ እሷ ናት። ፐር-ኢንግቫር ብሮነማርክ ስዊድናዊ ነው፤ የጥርስ ሐኪም አልነበረም። በ1952 የጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የታይታንየም መመልከቻ ቀብሮ መቅኔ ውስጥ ደም እንዴት እንደሚዘዋወር ያጠና ነበር። ጥናቱ ሲያልቅ ውድ መሣሪያውን ሊያወጣ ቢል አልወጣ አለው፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። ሌላ ሰው ቢሆን ጥንቸሉን ይሳደብ ነበር። እሱ ግን ይህን «ኦሲዮኢንተግሬሽን» ብሎ ሰየመው፤ ስሙ ታች ጥርስ በሌለው ሰው አይጠራም፣ ሞክሬዋለሁ። በ1965 ጎተንበርግ ውስጥ ዮስታ ላርሾን ለሚባል፣ መንጋጋው ሲፈጠር ጀምሮ ችግር ለነበረበት ሰው ታች መንጋጋው ላይ ተከለለት። ላርሾን በ2006 እስኪሞት፣ ከአርባ ዓመት በላይ፣ ብሎኖቹ አብረውት ኖሩ። ሐኪሞች ግን ለረጅም ጊዜ አላመኑም። ብሮነማርክን አጥንት ውስጥ ብረት ይቀብራል ብለው አሾፉበት፤ በ1982 ቶሮንቶ ላይ ማስረጃውን ለሰሜን አሜሪካ ሊቃውንት አቅርቦ ነው ወሬው የተገለበጠው። ከዚያም በ2002 ሞንትሪያል፣ ማጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ጥርስ ለሌለው የታች መንጋጋ የመጀመሪያው ምርጫ በሁለት ኢምፕላንት ላይ የሚቆም ጥርስ መሆን አለበት ብለው ተስማሙ። በ2009 እንግሊዝ አገር ዮርክ ላይ ይኸው ተደገመ። ቅንጦት አይደለም፤ ትንሹ ተገቢ ነገር ነው አሉ።

ትንሹ ተገቢ ነገር! እስቲ ይህን ይዤ ልጩህ። ያው 1965 ላይ፣ ላርሾን ብሎኑን ባስተከለበት ዓመት፣ ጁላይ 30 ቀን፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሚዙሪ ውስጥ ኢንዲፔንደንስ በምትባል ከተማ ሜዲኬርን ፈረሙ፤ የመጀመሪያውን ካርድም ለቀድሞው ፕሬዚዳንት ለሃሪ ትሩማን ሰጡ። ለአረጋውያን የወጣ ትልቅ ሕግ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሕጉ ግን ጥርስን ማከም፣ መሙላት፣ መንቀል፣ መተካት፣ ጥርስን የሚደግፈውን አካል ጭምር፣ አልከፍልም ይላል። መንጋጋዬ ቢሰበር ይከፍላል። መንጋጋው ላይ ያለው ጥርስ ቢወልቅ አይከፍልም። ልብ፣ ጉበት፣ ጉልበት፣ ዳሌ የሰውነት ክፍል ነው፤ ጥርስ የጎረቤት ነው። ሽማግሌ ዳሌውን በታይታንየም ቢተካ መድኑ አለለት፤ ያንኑ ታይታንየም ወደ አፉ ከፍ ካደረገው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከኪሱ ነው። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች በዚያን ጊዜ ጎልማሶች ስለነበሩ እንጂ፣ ከእነሱ ውስጥ አንዱ እንኳ በሕይወት ቆይቶ ቆሎ አምሮት ቢሆን ኖሮ ያሻሽለው ነበር። ለጥርስ ጥቂት የሚሰጡ ተጨማሪ መድኖች አሉ፤ የሚሰጡት ግን ብሎኑን ሳይሆን የብሎኑን ጭንቅላት ለመግዛት የሚበቃ ነው።

ልጆቼ አዋጡ። ይህም ራሱን የቻለ ውርደት ነው። ለአገር ቤት ዘመድ ሕክምና እኔ ነበርኩ የማዋጣው፤ አሁን ለእኔ ጥርስ የቤተሰብ ስብሰባ ተጠራ። ታላቁ ልጄ «አባዬ፣ ዋናው ጤናህ ነው» አለ፤ ትንሹ «ጥርስ ከተተከለልህ ግን ምርቃት አታስረዝምም አይደል?» አለ። ሁሉንም ሰማሁ።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ የፈራሁትን ያህል አልነበረም፤ ይህን የምጽፈው ባለቤቴ እንዳታነብ ተስፋ በማድረግ ነው፤ ቤት እንደ ጦር ቁስለኛ ነው የተኛሁት። ሐኪሜ አስቀድማ መንጋጋዬን በሲቲ ስካን አነሳችው። ስክሪኑ ላይ አጥንቴን አየሁት፤ ከኋላ በኩል ሳስቶ አልቋል። አገጭ ግራና ቀኝ ላይ ለከንፈር ስሜት የሚሰጠው ነርቭ የሚወጣባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ከእነዚያ በስተኋላ አጥንቱ ውስጥ ነርቩ ስለሚያልፍ አይነካም፤ ከእነዚያ መካከል ግን፣ አገጭ ላይ፣ ሌላው ሁሉ ቢያልቅ እንኳ አጥንት የሚቀረው እዚያ ነው። ካስማዎቹ የሚተከሉት እዚያ ነው። የስኳር ነገር ጠየቀችኝ፣ የሲጋራ ነገር ጠየቀችኝ፣ ለአጥንት መሳሳት የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችኝ፤ እነዚህ ሁሉ የቁስሉን መዳን ሊያውኩ ይችላሉ። ማደንዘዣ ተወጋሁ። መሰርሰሪያው ሲዞር ራሴ ውስጥ ይሰማኛል፤ አያምም፤ ግን ሰው የራሱ መንጋጋ ሲሰረሰር እየሰማ ዝም ብሎ መተኛት ለሐበሻ አይሆንም፤ አስተያየት መስጠት ያምረዋል። አፌ ተከፍቷልና አልቻልኩም።

ከዚያ ጥበቃው መጣ። አጥንቱ ብረቱን እስኪይዘው ሦስት ወር ያህል ይፈጃል፤ ላይኛው መንጋጋ ቢሆን ይዘገይ ነበር፣ አጥንቱ ስፖንጅማ ነው። አሮጌው ጥርሴ ብሎኖቹን እንዳይጫን ከሥሩ ተፍቆ ለስላሳ ነገር ተቀባና ተመለሰልኝ፤ ድሮ የሚላወሰው አሁን የሚዋኝ ሆነ። አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሽሮ፣ እንጀራ ፍርፍር። ጓደኞቼ እየመጡ «እንዴት ነው፣ ያዘ?» ይሉኛል፤ አጥንት ውስጥ ያለን ነገር እኔ በምን አውቃለሁ? አንዱ ወዳጄ በመዶሻ ነካ አድርገህ ድምፁን ስማው አለኝ። መሐንዲስ ነው።

በመጨረሻ ተገጠመ። ብሎኖቹ ላይ ድድ ልክ ብቅ ያሉ ትንንሽ ጭንቅላቶች ተደረጉ፤ ጥርሱ ውስጥ ደግሞ እነሱን የሚይዙ የናይለን ቀለበቶች ገቡ። ጥርሱን አስቀምጦ ጫን ሲሉት ጠቅ ይላል። ናይለኖቹ በቀለም ይለያሉ፤ ሰማያዊው ላላ ያለ ነው፣ ሮዙ መካከለኛ፣ ነጩ ጠንካራ። ሐኪሟ በሰማያዊው ጀመረችኝ፤ ከላላሁ ወደ ሮዝ እንደምትወስደኝ ነገረችኝ። በዚህ ዕድሜዬ አፌ ውስጥ ሮዝ! ናይለኑ ያልቃል፤ በየዓመቱ ገደማ ይቀየራል፤ ብሎኑ ዙሪያ ድዱ እንዳይቆጣ በልዩ ብሩሽ ይታጠባል፤ ማታ ማታ ጥርሱ ወልቆ ውሃ ውስጥ ያድራል። መፋቂያ አይሆንም ወይ አልኳት፤ ብረቱን ይቧጭራል አለች። ወይራ የምታህል ነገር ተከለከልኩ።

ያዘ። አዎ፣ ያዘ፤ ምን ላድርግ? ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ አልኩ፤ አልተነሣም። የልጄ አማት አጎረሱኝ፤ በቀኝ ብቻ አኘክሁ፣ ግራው ንቅንቅ አላለም። ቆሎ እንኳ፣ ለስለስ ያለ ሽምብራ ከሆነ፣ ይሞከራል። ግን አሁን ሌላ መዘዝ መጣ። ጥርስ በሌለኝ ጊዜ የማልበላውን ነገር «ጥርሴ አይችልም» ብዬ አሳልፍ ነበር፤ የባለቤቴ እኅት የምትሠራው ዳቦ ቆሎ፣ ከአገር ቤት የሚላከው ድንጋይ የመሰለ ቋንጣ፣ ሁሉ በጥርሴ ያልፍ ነበር። አሁን ሁሉም ፊቴ ተደርድሮ «እንግዲህ ተተክሎልሃል፣ ብላ!» ይባላል። በየሰርጉ «ጋሼ ይመርቁ» ይባላል፤ ድሮ እጄን ዘርግቼ «አሜን» የምለው እኔ፣ አሁን ረጅሙን ምርቃት የምመርቅ ሆንኩ፤ ስቀመጥም ትንሹ ልጄ ሰዓቱን ያሳየኛል። ኤርፖርት ላይ ብሎኖቹ ይጮኻሉ፣ ጥሩ ታሪክ ይወጣኛል ብዬ ነበር፤ ማሽኑ ደንታም አልሰጠው፤ የቀበቶዬን ዘለበት ብቻ አስወለቁኝ።

አሁን ደግሞ ያ ጨዋው ላይኛው አመፀ። ታችኛው ጠንክሮ ሲነክሰው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ቋንጣ ስገነጥል ከፊት በኩል ጫን ተደርጎ ከኋላ ይወርዳል። ዕድሜ ልኩን ሳያማርር የኖረ ጥርስ! ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ «ይኼኛውስ?» አልኳት። አየችውና «የተለመደ ነው ጋሼ፤ ታችኛው ሲጸና ላይኛው ድክመቱ ይታያል። ላይኛው ግን አጥንቱ ለስላሳ ስለሆነ በሁለት አይሆንም፤ ቢያንስ አራት ይፈልጋል» አለች።

ልጄ አጠገቤ ቆማ ስልኳን አወጣች፤ አራት ስታባዛ ፊቷን አየሁት። «ተዪው፣ ተዪው» አልኳት። «ማጣበቂያውን ግዢልኝ። ሚንት ያልሆነ ካለ ብቻ።»